የናፍታ ከባድ መኪና ለመነሳት ሲያስቸግር፦ ከምልክቱ ወደ መንስኤውና መፍትሔው

ደሴ ላይ ሌሊቱን ደጅ ያደረ መኪና ጠዋት አልነሳ ሲል፣ ከሚሌ በባቲ በኩል ጭነት ይዞ የመጣ መኪና ደግሞ ኮምቦልቻ ለምሳ ቆሞ አልነሳ ሲል፣ ሹፌሮቹ ለመካኒክ የሚናገሩት ቃል አንድ ነው፤ ችግሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ የተለያየ ነው። ስለዚህ መፍቻ ከመነሳቱ በፊት ሦስት ነገሮች መታወቅ አለባቸው፦ ሞተሩ የሚያስቸግረው ሲቀዘቅዝ ነው ወይስ ሲሞቅ፣ ሞተሪኖው (ሞተሩን ለማስነሳት የሚያዞረው የኤሌክትሪክ ሞተር) በደንብ ያዞረዋል ወይ፣ ሲዞርስ ከጭስ ማውጫው ምን ይወጣል?

የናፍታ ሞተር ናፍታውን የሚያቀጣጥለው አየርን አምቆ በሚፈጥረው ሙቀት ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ነው። በዚህ ላይ ከኅዳር እስከ ጥር ያለው የጠዋት ብርድ ሲጨመርበት፣ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ያለቀ ሞተር ጅቡቲ ላይ ያለችግር ተነስቶ የሐረጎን ዳገት ከወጣ በኋላ ደሴ ላይ እምቢ ቢል ሊያስገርም አይገባም።

ሞተሪኖው እየከበደው ቀስ ብሎ የሚያዞር ከሆነ ናፍታውን መመርመር ጊዜ ማባከን ነው። ባለ 24 ቮልት መኪና ሁለት ባትሪዎች ስላሉት እያንዳንዱ ለብቻው ይለካ። ያረፈ ጤነኛ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ 12.2 ካሳየ ግማሹን ያህል ወርዷል፤ ሞተሪኖው ሲያዞር ከ9.5 በታች የሚወርድ ባትሪ ደግሞ ወይ ቻርጅ አልተደረገም ወይ አርጅቷል። ባትሪዎቹ ደህና ሆነው ሞተሩ አሁንም ከከበደ፣ ሞተሪኖው እያዞረ በባትሪው ኔጋቲቭና በሞተሩ ብረት መካከል ያለው ቮልት ይለካ። እዚያ ላይ አንድ ቮልትና ከዚያ በላይ ከታየ የማሳ ኬብሉ (የባትሪውን ኔጋቲቭ ከመኪናው ብረት የሚያገናኘው) ዝጓል ወይም ላልቷል ማለት ነው፤ ፈትቶ፣ በብርጭቆ ወረቀት አጽድቶ ማጥበቅ ይበቃዋል። ለደሴ ብርድ ከመጠን በላይ የወፈረ ዘይትም ተመሳሳይ ምልክት ያሳያል። ሞተሪኖውን ማውረድ ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚመጣ ሥራ ነው።

በደንብ እየዞረ ምንም ጭስ የማያወጣ ሞተር ናፍታ አልደረሰውም። የተደፈነ ፊልትሮ፣ የተጠራቀመ ውኃ፣ ወይም ተዘግቶ የቀረ የሞተር ማጥፊያ በቅድሚያ ይታዩ፤ በእኔ ግምት ግን ከሁሉም የሚበዛው አየር መግባቱ ነው። ምልክቱም ግልጽ ነው፦ በእጅ ፓምፕ (ናፍታን በእጅ እየተጫኑ በሚስቡበት) ሲመታ ይነሳል፣ አድሮ ግን መልሶ ያስቸግራል። የደሴ መንገድ ዳገት ስለሆነ አፍንጫውን ወደ ላይ አድርጎ ያደረ መኪና ላይ ናፍታው ወደ ሰርባትዮው (የናፍታ ታንኩ) ለመመለስ ይቀለዋል። ከሰርባትዮው እስከ ማስተላለፊያው ፓምፕ ያለው መስመር ሞተሩ ሲሠራ የሚስብ እንጂ የሚገፋ ባለመሆኑ፣ ቀዳዳው ናፍታ ሳያንጠባጥብ አየር ብቻ ሊያስገባ ይችላል፤ ስለዚህ መሬት ላይ የሚንጠባጠብ ነገር ፈልጎ ማጣት መስመሩ ደህና ነው ለማለት አያስችልም። ርካሹና አስተማማኙ ፈተና የፓምፑን መሳቢያ ከመስመሩ ነጥሎ፣ በአጭር ብርሃን አስተላላፊ ቱቦ ንጹሕ ናፍታ ካለበት ጀሪካን ጋር ማገናኘት ነው። አየሩ ወጥቶ መኪናው አድሮ ጠዋት ወዲያው ከተነሳ ጥፋቱ በሰርባትዮው በኩል ነውና ቱቦው፣ ማሰሪያውና የመገጣጠሚያ ሮንዴላዎቹ (ማሸጊያ ቀለበቶቹ) ይቀየሩ። ካልተነሳ ግን የእጅ ፓምፑ ቫልቭና ከእርሱ በኋላ ያለው መስመር ይመርመር።

ኮመን ሬይል ሞተር (ናፍታ በአንድ የጋራ ቱቦ በከፍተኛ ግፊት ተጠራቅሞ በኮምፒውተር ትእዛዝ የሚረጭበት) ላይ ናፍታ መድረሱ ብቻ አይበቃም፤ በቂ ግፊት ካልተጠራቀመ ኮምፒውተሩ ኢንጀክተሮቹን (ናፍታ ወደ ሲሊንደር የሚረጩትን) አይከፍትም። የእያንዳንዱን ኢንጀክተር መልስ ናፍታ (ሳይረጭ ወደ ሰርባትዮው የሚመለሰውን) ለየብቻ በጠርሙስ ይዞ ሞተሩን ማዞርና ማወዳደር፣ ከሌሎቹ አብልጦ የሚመልሰውን ያጋልጣል። የግፊት ቱቦውን ግን ሞተሩ እየዞረ መፍታት ፈጽሞ አይገባም፤ የሚፈናጠረው ናፍታ ቆዳ በስቶ ይገባል።

ሲቀዘቅዝ እየተነሳ ሲሞቅ ብቻ የሚያስቸግር ሞተር፣ ማለትም የኮምቦልቻው ዓይነት፣ ወደ ፖምፓው (ናፍታን በከፍተኛ ግፊት ወደ ኢንጀክተሮቹ የሚገፋው) ወይም ወደ ኢንጀክተሩ መበላት ያመለክታል። የሞቀ ናፍታ ስለሚቀጥን በተበላው ክፍተት ያመልጣልና። ሜካኒካል ፖምፓ ላይ ሞተሩ እንደቆመ በውኃ የተነከረ ጨርቅ ጠቅልሎ ጥቂት መጠበቅና መሞከር ነው፤ ከተነሳ ፖምፓው ለማደስ ደርሷል።

ነጭ ጭስ ናፍታው ገብቶ እንዳልነደደ ይናገራል። የመግቢያ አየር ማሞቂያው፣ የቫልቮላው ክፍተት፣ የናፍታ መርጫው ሰዓት፣ በመጨረሻም የሲሊንደሮቹ ኮምፕሬሽን (አየር የማመቅ አቅም) በዚህ ተራ ይታዩ። የራዲያተር ውኃም የሚቀንስ ከሆነ ጓርኒሲዮኑን (በሞተሩ ቴስታታና በብሎኩ መካከል ያለውን ማሸጊያ) መጠርጠር ይገባል። ጥቁር ጭስ ከሆነ የአየር ፊልትሮውን ማየት ነው፤ በሚሌ መስመር የሚሠራ መኪና አቧራውን ይዞ ይመጣል።

ማስነሻ ስፕሬይ የአየር ማሞቂያ ባለው ሞተር ላይ ፍንዳታ ስለሚያስከትል አይነፋ። ሞተሪኖውም ከ30 ሰከንድ በላይ በተከታታይ አይዙር፤ ሁለት ደቂቃ ይረፍ። ደሴ ላይ የተለመደው ቁልቁል ለቆ በማርሽ ማስነሳት ደግሞ ለከባድ መኪና እጅግ አደገኛ ነው፤ ሞተሩ ካልተነሳ የፍሬን አየር አይሞላም፣ መሪውም ይከብዳል።