ርካሽ ኢምፓክት ለጎማ ዳዶ፦ የትኛው ይፈታል?

የኮሮላዬ የኋላ ጎማ ዳዶ አልፈታ አለ። የመስቀል ቁልፉ ላይ ብቆምበትም ንቅንቅ የለም። ደብሊውዲ-40 (የዝገት ማላቀቂያ ስፕሬይ) ነፍቼ አሳደርኩት፤ ያው ነው። ባለ ሩብ ኢንች ኢምፓክት ድራይቨር (እየመታ የሚያዞር የባትሪ ማሽን) በአዳፕተር ስሞክር ተንጣጣ እንጂ አልፈታም፤ ቀጭኑ አዳፕተር እየተጠማዘዘ ምቱን ይበላዋል።

የፈታው ባለ ግማሽ ኢንች ኢምፓክት ሬንች ነው፤ ባትሪው 4 አምፒር-አወር፣ ሙሉ ቻርጅ፣ ማስረዘሚያ የሌለው፣ ጥቁርና ወፍራም 21 ቁጥር ቡሶላ ያለው። ትንሽ እንደመታው የዝገቱ ብናኝ ረገፈና ዳዶው ዞረ። የሚያብለጨልጨውን ክሮም ቡሶላ አትጠቀሙ፣ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ስትገዙ ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው ቁጥር ብዙ ጊዜ የመፍቻው ጉልበት ነው፤ የማጥበቂያው ያንሳል። ብሩሽ አልባ ሞተር ጥሩ ነው፣ አልፎ አልፎ ለሚሠራ ግን ባለ ብሩሹም አያሳፍርም። ማጥበቁን በእጅ ጀምራችሁ በቶርክ ሬንች (የማጥበቂያ ጉልበት በሚለካ ቁልፍ) ለኮሮላ 103 ኒውተን ሜትር ላይ ጨርሱ።