የ«ምርጥ 10» ጨዋታን ሰው ሳይሰለች እንዴት ማጫወት ይቻላል

«እስኪ የምንጊዜም ምርጥ 10 ፊልሞቻችሁን ጻፉ» የሚል መልእክት ስልኬ ላይ ሲመጣ ሁለት ስሜት አንድ ላይ ይመጣብኛል። አንደኛው ደስታ ነው። የያዝኩትን ሥራ ትቼ ማሰብ እጀምራለሁ፤ ሦስቱ ወዲያው ይመጣሉ፤ ከአራተኛው በኋላ ግን ትዝታ መቆፈር ይጠይቃል፤ ስቆፍርም ለዓመታት ያላሰብኩት ፊልም ድንገት ብቅ ይላል። ሁለተኛው መታከት ነው፤ ቀጥሎ የሚሆነውን አውቀዋለሁና። ሁሉም ዝርዝሩን ይለጥፋል፣ ማንም የሌላውን አያነብም፣ አንዱ «ይሄን ያላስገባ ፊልም አያውቅም» ይላል፣ መጨረሻ ላይ «10 ጓደኞቻችሁን ታግ አድርጉ» ይመጣል።

ይህን ጨዋታ በየግሩፑ ብዙ ጊዜ አጫውቻለሁ። አሰልቺ የሚያደርጉት ነገሮች አብዛኞቹ ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ሊታረሙ የሚችሉ ናቸው።

ጥያቄውን አጥብቡ

ከሁሉም በላይ ጊዜ ልትሰጡት የሚገባው ይህ ነው። «ምርጥ» የሚለውን ቃል ከቻላችሁ አውጡት። ምርጥ ተብሎ የተጠየቀ ሰው የሚወደውን ትቶ የሚከበረውን ይጽፋል፤ ስለዚህ የሁሉም ዝርዝር አንድ ዓይነት ይሆናል። በምትኩ አንድ ሁኔታ ስጡት፦ «ሁለተኛ ጊዜ ስታዩት የበለጠባችሁ ፊልም»፣ «ግጥሙን ከዳር እስከ ዳር የምታውቁት ግን የማትወዱት ዘፈን»፣ «የመጨረሻውን ክፍል ሳታዩ የተዋችሁት ተከታታይ ድራማ»። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ ሰው የራሱን ሕይወት ፈትሾ ነው የሚመልሰው።

የቢቢሲ ሬዲዮ «ዴዘርት አይላንድ ዲስክስ» ከ1942 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በዚሁ ዘዴ ኖሯል። እንግዳው ሰው አልባ ደሴት ላይ ብቻውን ቢቀር ይዞ የሚሄዳቸውን 8 ሙዚቃዎች ይመርጣል፣ ለምን እንደመረጣቸው ይናገራል፣ በመጨረሻም ከስምንቱ አንዱን ብቻ እንዲያተርፍ ይጠየቃል። ያ የመጨረሻ ጥያቄ በጣም ግሩም ነው፤ ለእናንተም ጨዋታ ተዋሱት።

ቁጥሩን ቀንሱ፣ ምክንያት ጠይቁ

5 ይበቃል። 10 ነገሮችን በደረጃ ለመደርደር እያንዳንዱን ከእያንዳንዱ ላወዳድር ያለ ሰው 45 ጥንድ ይገጥመዋል፤ ለ5 ነገሮች ግን 10 ጥንድ ብቻ ነው። ብዙ ሰው ከሰባተኛው በኋላ የሚጽፈው ቦታ ለመሙላት መሆኑን ደጋግሜ አይቻለሁ። ከእያንዳንዱ ምርጫ ጎን አንድ ዓረፍተ ነገር ምክንያት ይኑር። ምክንያት የሌለው ዝርዝር እንደማይቆጠር አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ ጓደኛ አሰልፎ ድምፅ የሚያስቆጥረውንም ሰው ይህ ደንብ ይገታዋል።

አብሮ መወሰን ያለበት አጥሩ ነው። ክፍል አንድና ክፍል ሁለት እንደ አንድ ፊልም ይቆጠራሉ? ከአንድ ዘፋኝ ስንት ዘፈን ይፈቀዳል? ጭቅጭቁ የሚነሳው አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ነው።

አቆጣጠሩን ከመጀመሪያው ንገሩ

ለዝርዝር የሚስማማው በነጥብ መቁጠር ነው፦ 1ኛ ለወጣ 5፣ 2ኛ ለወጣ 4፣ እያለ 5ኛው 1 ነጥብ ያገኛል። ዘዴው በ18ኛው ክፍለ ዘመን በኖረው ፈረንሳዊ ዣን ሻርል ደ ቦርዳ ስም ይጠራል። ሁሉም በመጠኑ የሚወደው ነገር ጥቂቶች ከሚያብዱለት ሊበልጥ ይችላል፤ ይህንን ለተጫዋቾቹ አስረዱ።

ጥሎ ማለፍ ከመረጣችሁ ደግሞ 16 ተወዳዳሪ 15 ግጥሚያ ይፈልጋል፣ 32 ከሆነ 31። በቀን አንድ ግጥሚያ ካደረጋችሁት ጨዋታው ሳያልቅ ሰው ይበተናል፤ የመጀመሪያውን ዙር 8 ግጥሚያዎች በሁለት ቀን ጨርሱ። ዕጣውንም እንዲሁ አትጣሉ፤ ተወዳጆቹ ሁለቱ ገና በመጀመሪያው ዙር ከተገናኙ ፍጻሜው ይቀዘቅዛል።

ውጤቱ ሲወጣ «ይሄ እንዴት ይሆናል!» የሚል አይጠፋም። የፈረንሳዩ የሂሳብ ሊቅ ኮንዶርሴ በ1785 ያሳየውን እዚህ መጥቀስ ይረዳል። አንዱ ሀ፣ ለ፣ ሐ ብሎ ይደርድር፤ ሌላው ለ፣ ሐ፣ ሀ፤ ሦስተኛው ሐ፣ ሀ፣ ለ። ከሦስቱ ሁለቱ ሀን ከለ ያስበልጣሉ፣ ሁለቱ ለን ከሐ፣ ሁለቱ ደግሞ ሐን ከሀ። ሦስቱም የየራሳቸውን በትክክል አስበዋል፤ አንድ ላይ ሲሆኑ ግን አሸናፊ የለም። በሙያተኞችም ዘንድ ቢሆን ደረጃው ከመራጮቹ ጋር ይቀየራል። «ሳይት ኤንድ ሳውንድ» የተባለው የእንግሊዝ የፊልም መጽሔት ከ1952 ጀምሮ በየ10 ዓመቱ ተቺዎችን ይጠይቃል። «ሲትዝን ኬን» ከ1962 እስከ 2002 በተደረጉት አምስት ምርጫዎች አንደኛ ነበር፤ በ2012 ሌላ ፊልም ቀደመው፣ በ2022 ደግሞ ሌላ። በእነዚህ ሁለት ምርጫዎች መካከል የመራጮቹ ቁጥር ከ846 ወደ 1,639 አድጎ ነበር።

ታግ ማድረግን ተዉ

እያንዳንዱ ሰው 10 አዳዲስ ሰዎች ቢጠራ በስድስተኛው ዙር 1,000,000 ሰው ተጠርቷል ማለት ነው። በየቦታው ተመሳሳዩ ጥሪ የሚደርሰን በዚህ ምክንያት ነው። ስም ተጠርቶ መልስ አለመስጠት ሰውን ያሳፍራል፤ ጨዋታ ደግሞ ዕዳ መሆን የለበትም። በሩን ክፍት ተዉት፣ የፈለገ ይግባ።

«የመጀመሪያ» የሚሉ ጥያቄዎችንም እንድትዘሉ አጥብቄ እለምናለሁ። በ2017 «ካየኋቸው 10 ኮንሰርቶች አንዱ ውሸት ነው» የሚለው ጨዋታ ፌስቡክን ባጥለቀለቀ ጊዜ የደኅንነት ባለሙያዎች አስጠንቅቀው ነበር። የመጀመሪያ ኮንሰርት የረሱትን የይለፍ ቃል ለማስመለስ ከሚቀርቡ ጥያቄዎች አንዱ ነውና።

ክርክሩን ጠብቁ፣ በጊዜ ዝጉ

ስለ ምርጫው የፈለጉትን ይባባሉ፤ ስለ መራጩ ግን አንድ ቃል አትፍቀዱ። የሌላውን የሚያጣጥል ከመጣ የራሱን 5 ከነምክንያቱ እንዲጽፍ ጋብዙት፤ ብዙ ጊዜ ጥሩ ተጫዋች ይወጣዋል።

በሦስተኛው ቀን ዝጉና ውጤቱን በአንድ መልእክት አውጡ። አንደኛውን ሁሉም ስለሚያውቀው አትንዛዙበት። ሰፊውን ቦታ አንድ ሰው ብቻ ለመረጣቸው ነገሮች ስጡ፣ ምክንያታቸውንም እንዳለ ለጥፉት። አንድ ጊዜ አንዲት ተጫዋች ማናችንም ያልሰማነውን ፊልም አምስተኛ አድርጋ «ካየሁት በኋላ እህቴ ጋ ደወልኩ» ብላ ጻፈች። ያገኘው 1 ነጥብ ነበር። በዚያ ሳምንት ግን ግሩፑ ውስጥ ሰባት ሰው አየው።