ፓተንት እንዴት ይነበባል? በመኪና ቀበቶ እንየው

ብዙ ሰው ፓተንት (ለአዲስ ፈጠራ የሚሰጥ የመብት ሰነድ) ይከፍትና የመጀመሪያው ገጽ ላይ ሰልችቶት ይዘጋዋል፣ ከላይ ወደታች እያነበበ ስለሚሄድ ነው። ጎግል ፓተንትስ ገብታችሁ ዩኤስ 3043625 ብላችሁ ፈልጉ፣ የቮልቮው ኢንጂነር ኒልስ ቦሊን የሰራው ባለ ሶስት ነጥብ ቀበቶ ነው፣ በ1962 እ.ኤ.አ. አሜሪካ የተሰጠ (ቮልቮ ሌሎችም እንዲሰሩት ክፍት ማድረጉ እስካሁን ደስ ይለኛል)።

መጀመሪያ ስዕሉን እዩ፣ እያንዳንዱ ክፍል ቁጥር አለው፣ ቁጥሩን ጽሑፉ ውስጥ ስታገኙት ምን እንደሆነ ይገባችኋል። ከዛ በቀጥታ መጨረሻ ላይ ወዳለው ክሌይም (ፈጣሪው የኔ ነው የሚለውን በቃል የሚዘረዝርበት ክፍል) ውረዱ፣ ህጉ የሚጠብቀው እሱን ነው እንጂ ርዕሱን አይደለም። ክሌይሙን ቆራርጣችሁ ወረቀት ላይ ጻፉት፦ አንዱ ማሰሪያ በደረት፣ አንዱ በጭን፣ ሁለቱ የሚገናኙት ከወንበሩ ጎን ዝቅ ብሎ ዳሌ አጠገብ እያላችሁ። እናንተ የምትሰሩት ዕቃ ላይ ከነዚህ አንዱ ከሌለ አብዛኛውን ጊዜ ክሌይሙ አይነካችሁም።

ቀኑንም እዩ፣ አሁን በብዙ አገር ጥበቃው ማመልከቻው ከገባበት 20 ዓመት ነው፣ ካለፈ ማንም ይሰራዋል። አሜሪካ የተሰጠ ፓተንት ደግሞ የሚሰራው እዛው ነው፣ ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ ልታመርቱ ከሆነ እዚህ መመዝገቡን አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ሄዳችሁ ጠይቁ።