በክሪፕቶ ኤቲኤም ለመጀመሪያ ጊዜ ስትጠቀሙ፦ ችግሮችና መፍትሄያቸው

የክሪፕቶ ኤቲኤም፣ ማለትም ጥሬ ገንዘብ አስገብታችሁ እንደ ቢትኮይን ያለ ዲጂታል ገንዘብ (ክሪፕቶ) የምትገዙበት ማሽን፣ ደንበኞችን በስልክ እረዳለሁ። ከሚደውሉልኝ ብዙዎቹ ማሽኑን ገና መሞከራቸው ነው። ዋሌት (ክሪፕቶውን የምትይዙበት የስልክ አፕ)፣ ኢንተርኔት ያለው ስልክና መታወቂያ ይዛችሁ እንደሄዳችሁ ልቁጠረው። ቀላል ቀላሉን ቶሎ ልጨርስ።

የማሽኑ ካሜራ የዋሌታችሁን አድራሻ የያዘውን ኪውአር ኮድ አያነብም። ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የስልኩ ስክሪን ነው። ብርሃኑን እስከ መጨረሻው ጨምሩ፤ ስልኩን ከካሜራው አንድ ስንዝር ያህል አርቁት። ስክሪኑ ላይ የተለጠፈው ርካሽ መከላከያ ከተሰነጠቀ ወይም አረፋ ከያዘ ልጣችሁ ጣሉት። ያ ላስቲክ ስንቱን ሰው ማሽን ፊት አቁሞታል!

የማረጋገጫ ኮዱ በቴክስት አይመጣም። የአገሩን ኮድ በትክክል ምረጡ፤ ከቁጥሩ ፊት ያለውን ዜሮ አውጡና እንደገና ሞክሩ።

ማሽኑ ኖት ይመልሳል። የታጠፈ፣ የረጠበ ወይም በፕላስተር የተጠገነ ኖት አይወድም። ኖቱን ውጦ ስክሪኑ ላይ ካልቆጠረው ግን ሌላ አታስገቡ። እዚያው ቆማችሁ ለማሽኑ ድርጅት ደውሉ፤ የማሽኑን መለያ ቁጥርና ሰዓቱን ተናገሩ።

መሸጥ የሚል ምርጫ የለም። ብዙ ማሽኖች ገንዘብ ይቀበላሉ እንጂ አይከፍሉም። ሌላ ማሽን ፈልጉ።

የደረሳችሁ ቢትኮይን ካሰባችሁት አነሰ። ብልሽት አይደለም። ማሽኑ ከገበያው ዋጋ በላይ ይሸጣል፤ በብዙዎቹ ላይ ልዩነቱ ከ10 በመቶ ያልፋል። ይህን በደቃቅ ፊደል ጥግ ላይ መጻፋቸው ያናድደኛል። ኖት ከማስገባታችሁ በፊት የማሽኑን ዋጋ ከገበያው ጋር አስተያዩ።

ገንዘቡን አስገባሁ፣ ዋሌቴ ግን ባዶ ነው

በየቀኑ የምሰማው ይሄን ነው። ከሁሉ በፊት አንድ ነገር፦ አፑን ከስልካችሁ እንዳታጠፉ!

አንድ ደንበኛ ገንዘቡ ሲዘገይበት «ሪፍሬሽ ላድርገው» ብሎ አፑን አጥፍቶ እንደገና ጫነው። አዲሱ አፕ አዲስ ዋሌት ከፈተለት። የአሮጌው 12 ቃላት (ዋሌቱን መልሰው የሚከፍቱት) አልተጻፉም፤ «በኋላ» የሚለውን ነክቶ አልፎት ነበር። ቢትኮይኑ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ አሮጌው አድራሻ ላይ ደረሰ። አሁንም እዚያው ነው። ማንም ሰው ሊያየው ይችላል፤ የሚከፍተው ግን የለም። እኛም አንችልም። ቃላቱን ወደ ማሽኑ ከመሄዳችሁ በፊት ወረቀት ላይ ጻፉ። ለእኔም ቢሆን አትንገሩኝ።

አሁን ደረሰኙን አውጡ። መጀመሪያ ፎቶ አንሱት፤ ወረቀቱ ሙቀት ሲነካው ይጠቁራል፣ ሲቆይ ደግሞ ጽሑፉ ይጠፋል። የትራንዛክሽን (የዝውውሩን) መለያ ብሎክ ኤክስፕሎረር ላይ፣ ማለትም ዝውውሮችን ለማንም በሚያሳይ ድረ ገጽ ላይ፣ አስገቡ። መለያው ካልታተመ ደውላችሁ ጠይቁ።

ትራንዛክሽኑ ጭራሽ ካልተገኘ፣ የማሽኑ ድርጅት ገና አልላከውም። አንዳንዶቹ የኔትወርክ ክፍያ (ትራንዛክሽኑ እንዲያልፍ የሚከፈለውን) ለመቆጠብ የብዙ ሰው ትዕዛዝ አጠራቅመው በአንድ ላይ ይልካሉ። አንዳንዴም ለማጣራት ይይዙታል። የሚለቅቁት እነሱ ብቻ ስለሆኑ ለእነሱ ደውሉ።

ተገኝቶ «ያልተረጋገጠ» ካለ ጠብቁ። የቢትኮይን ብሎክ (የተረጋገጡ ትራንዛክሽኖች ጥቅል) በአማካይ በ10 ደቂቃ አንድ ይወጣል። አማካይ ነው፤ አንዳንዴ በ2 ደቂቃ ይወጣል፣ አንዳንዴ ከ40 ደቂቃ በላይ ያስጠብቃል። የተከፈለው የኔትወርክ ክፍያ ትንሽ ከሆነና ኔትወርኩ ከተጨናነቀ ሰዓታት ሊፈጅ ይችላል። ክሪፕቶ ወደሚገዛበትና ወደሚሸጥበት መገበያያ ድርጅት አካውንት ካስላካችሁት ደግሞ ድርጅቱ ተጨማሪ ብሎኮች እስኪወጡ ይጠብቃል።

ተረጋግጦም ካልታየ አድራሻውን አመሳክሩ። አንዲት እናት «ለሌላ ሰው ላካችሁብኝ!» ብለው ተቆጥተው ደወሉ። እውነትም የደረሰኙ አድራሻና ስልካቸው ላይ ያለው አይገጥምም። ብዙ ዋሌቶች ገንዘብ በደረሰ ወይም «ተቀበል» በተነካ ቁጥር አዲስ አድራሻ ያወጣሉ። አሮጌውም የእናንተው ነው። የተጠቀማችሁባቸው አድራሻዎች ዝርዝር ውስጥ ፈልጉት። እኚህ እናት እዚያ አገኙት፤ አፑን ዘግተው ሲከፍቱት ገንዘቡም ታየ። መዝጋትና ማጥፋት ግን ለየቅል ናቸው።

ሌላው ምክንያት ኔትወርኩ ነው። ዩኤስዲቲ (ዋጋው ከዶላር ጋር የታሰረ ክሪፕቶ) ትሮን በሚባለውም ኢቴሪየም በሚባለውም ኔትወርክ ይላካል። የትሮን አድራሻ በቲ ፊደል ይጀምራል፤ የኢቴሪየም በዜሮና በኤክስ። በዜሮና ኤክስ የሚጀምር አድራሻ በሌሎች ኔትወርኮችም ላይ ስለሚሠራ ገንዘቡ እናንተ በማታዩት በኩል ደርሶ ሊሆን ይችላል። ቃላቱ በእጃችሁ ከሆኑ አልጠፋም፤ ዋሌቱ ላይ ያንን ኔትወርክ ክፈቱት።

አድራሻው ከመጀመሪያውም የእናንተ አይደለም

ኪውአር ኮዱን ሌላ ሰው ከላከላችሁ፣ በተለይ ያ ሰው አሁን በስልክ እየመራችሁ ከሆነ፣ እጃችሁን ከማሽኑ አንሱ። ስልኩን ዝጉ። ፖሊስ፣ ባንክ ወይም የግብር ቢሮ በዚህ ማሽን ክፈሉ አይልም። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን በ2023 እ.ኤ.አ. ብቻ በእነዚህ ማሽኖች በኩል ከ110 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንደተጭበረበረ ሪፖርት ደርሶታል። ደውለውልኝ ሲያለቅሱ የምሰማቸው አብዛኞቹ በዕድሜ የገፉ ሰዎች ናቸው።

ገንዘቡ ከገባ በዚያችው ደቂቃ ለማሽኑ ድርጅት ደውሉ። ገና ካልተላከ ሊያዝ ይችላል፤ ከተላከ ግን መመለሻ ቁልፍ የለውም። ደረሰኙን ይዛችሁ ለፖሊስ አመልክቱ። ከዚያ በኋላ «ቅድሚያ ክፈለኝና ገንዘብህን አስመልስልሃለሁ» ብሎ የሚመጣውም ሌባ ነው።