ለድሬ ልጆች፦ የእንግሊዝኛ ግስ ከሰፈራችሁ እንዴት ትለቅማላችሁ

አቦ የድሬዳዋ ልጅ ቋንቋ እንዴት እንደሚለመድ ማንም ሊነግረው አይገባም፣ ከአማርኛው ጋር ኦሮምኛውንም ሶማልኛውንም የሚያቀላጥፍ ስንቱ ነው፣ ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረውም፣ ቀፊራ ገበያ ዋጋ ሲከራከር ከጎረቤት ልጅ ጋር ሲጫወት ሲጣላ ነው የገባው። እንግሊዝኛ ላይ ስንደርስ ግን ደብተር አውጥተን በግራ እንግሊዝኛ በቀኝ አማርኛ ጽፈን ሽምደዳ እንጀምራለን። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ባዮሎጂውንም ፊዚክሱንም በእንግሊዝኛ የተማረ ልጅ ስለ ፎቶሲንተሲስ ያብራራላችኋል፣ «ሰውየው ገላምጦኝ አለፈ» በል ስትሉት ግን «ሂ ሉክድ አት ሚ» ብሎ ይቆማል። ግራመሩ ልክ ነው፣ ግልምጫው ግን የለም። የጎደለው ግሱ ነው።

ስለዚ አዲስ ቃል ፍለጋ አትሩጡ፣ መጀመሪያ የምታውቁትን አንድ ተራ ግስ ያዙ። «ዎክ»ን እንውሰድ። ሙቀቱ በረድ ሲል ከዚራ ሰፈር ዛፎቹ ስር ቁጭ በሉና የሚያልፈውን ሰው አካሄድ እዩ። ነፋስ ሊቀበል ቀስ ብሎ የሚንሸራሸረው «ስትሮል» እያደረገ ነው፣ መድረሻ ሳይኖረው ወዲያ ወዲህ የሚለው «ዋንደር»፣ እግሩን አሞት የሚያነክሰው «ሊምፕ»፣ ጠጥቶ የሚንገዳገደው «ስታገር»፣ ቀኑን ሙሉ ሰርቶ እግሩን እየጎተተ ወደ ቤቱ የሚሄደው «ትረጅ»፣ ደረቱን ነፍቶ እዩኝ የሚለው «ስትረት»። ቤት ስትገቡ ደግሞ ህፃን ተኝቶ ከሆነ በጣታችሁ ጫፍ ነው የምትራመዱት፣ እሱ «ቲፕቶ» ነው። ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ውጤት እየጠበቀ የሚንጎራደድ ሰው «ፔስ» ያደርጋል። አያችሁ፣ ቃሉ ከሰው ጋር ሲመጣ አይጠፋም፣ በሚቀጥለው ቀን ያ የሚያነክስ ሽማግሌ ሲያልፍ «ሊምፕ» ራሱ ይመጣላችኋል።

ከዛ «ሉክ»። አየት አድርጎ ማለፍ «ግላንስ»፣ ዓይንን ተክሎ ማፍጠጥ «ስቴር»፣ ያ የግልምጫው ደግሞ «ግሌር»፣ በበር ቀዳዳ አጮልቆ ማየት «ፒክ»፣ በፍቅር ወይ በመደነቅ ፈዞ ማየት «ጌዝ»። የድሬ ፀሐይ ፊት ለፊት ሲመታችሁ ዓይናችሁን ጨፈን አድርጋችሁ የምታዩት «ስኩዊንት» ነው፣ ይሄን የድሬ ሰው ሳያውቅ መቅረት የለበትም። «ሴይ»ም እንደዚሁ ነው፣ ማንሾካሾክ «ዊስፐር»፣ ማጉረምረም «ማተር»፣ ቃሉ ሳይለይ አፍ ውስጥ ማውራት «ማምብል»፣ ሳያስቡት ከአፍ ሲያመልጥ «ብለርት አውት»፣ ቀፊራ የምታደርጉት የዋጋ ክርክር «ሃግል»።

አሁን ዋናው ነገር። አማርኛችን ራሱ በዚህ በጣም ሀብታም ነው፣ ዘው አለ፣ ፉት አለ፣ ላፍ አደረገ እያልን ነው የምናወራው፣ ግን እንግሊዝኛ ስንናገር ያን ሁሉ ጥለን «ኢንተር»፣ «ድሪንክ»፣ «ቴክ» እንላለን። እኔ የምመክረው ከአማርኛው እንድትጀምሩ ነው። ቀን ስታወሩ ከአፋችሁ የወጣውን እንደዚ ዓይነት ግስ ያዙና ማታ እንግሊዝኛውን ፈልጉ። ሳያንኳኳ ዘው አለ «ባርጅድ ኢን»፣ ሻዩን ፉት አለ «ሲፕት»፣ ውሃውን ጭልጥ አደረገው «ጋልፕድ»፣ ስልኩን ላፍ አደረገው «ስናችት»፣ እንቅልፍ ሸለብ አደረገው «ዶዝድ ኦፍ»፣ ከት ብሎ ሳቀ «በርስት አውት ላፊንግ»፣ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ «ሶብድ»።

መፈለጊያው ላይ ግን ተጠንቀቁ፣ ጎግል ትራንስሌት ብዙ ጊዜ ተራውን ግስ ነው የሚሰጣችሁ። ያገኛችሁትን ወስዳችሁ ለተማሪ የተዘጋጀ ዲክሽነሪ ላይ አረጋግጡ፣ ካምብሪጅ ኦክስፎርድ ሎንግማን ሶስቱም ኢንተርኔት ላይ በነፃ አሉ፣ ሎንግማን ትርጉሙን የሚያብራራው ወደ 2,000 በሚጠጉ የተለመዱ ቃላት ስለሆነ ለጀማሪ ይቀላል። ምሳሌ ዓረፍተ ነገሩን ሳታነቡ አትዝጉት ምክንያቱም «ግላንስ» «ስቴር» «ግሌር» ሁሉም ሰው ላይ ሲሆኑ «አት» ይከተላቸዋል፣ እሷን ከጣላችሁ ዓረፍተ ነገሩ ይሰበራል። ድምፁንም ተጭናችሁ ስሙ። በኛ ፊደል «ስሊፕ» ብለን የምንጽፋቸው ሁለት ግሶች አሉ፣ አንዱ ድምፁ ረዘም ሲል መተኛት ነው ሌላው ድምፁ አጠር ሲል መንሸራተት፣ በጽሑፍ ብቻ ከያዛችሁት ይቀላቀልባችኋል።

የቤትና የመንገድ ወሬ ደግሞ በአብዛኛው በሁለት ቃል ግስ ነው የሚሄደው። መብራት ሲሄድ «ዘ ፓወር ዌንት አውት»፣ ውሃም ስኳርም ካርድም ሲያልቅባችሁ «ራን አውት ኦፍ» ብላችሁ ያለቀውን ትጨምራላችሁ፣ ስልክ ባትሪ ጨርሶ ሲዘጋ ግን በአንድ ቃል ግስ «ማይ ፎን ዳይድ»። ባስና ባቡር ላይ «ጌት ኦን» «ጌት ኦፍ» ነው፣ መኪና ከሆነ «ጌት ኢን» «ጌት አውት»። ሙቀቱንም ሁሌ «ሆት» አትበሉት፣ የቀትሩ «ስኮርቺንግ» ነው፣ አየር የሌለው ታፍኖ የዋለ ክፍል «ስተፊ»፣ ማታ ሲበርድ «ኩል ዳውን»።

አንድ ነገር፣ እነዚህ ግሶች ስሜት አላቸው። «ስኒክ» ብላችሁ ገባ ካላችሁ ተደብቆ ገባ ነው፣ አለቃችሁን «ስትረት» አደረገ ካላችሁት ሰድባችሁታል። የስራ ማመልከቻ ላይም አትጻፏቸው፣ ለወሬ ለታሪክ ለቻት ናቸው።

በቀን 3 ግስ ይበቃል፣ ከዛ በላይ ተደራርቦ ይጠፋል። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሄርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው የተማርነው በብዛት የሚጠፋው መጀመሪያ አካባቢ ነው፣ ስለዚ በማግስቱ እዩት፣ ከዛ ከጥቂት ቀን በኋላ፣ ከዛ ከሳምንት በኋላ። አንኪ የሚባለው አፕ ይሄን ቀጠሮ ራሱ ይይዝላችኋል፣ አንድሮይድና ኮምፒውተር ላይ ነፃ ነው፣ ካልሆነ የተቆረጠ ወረቀትም ይሰራል። ከፊት አማርኛውን ዓረፍተ ነገር ጻፉ ከጀርባ እንግሊዝኛውን፣ ቃሉን ብቻ አትጻፉ።

ከዛ በአፍ። ከሰዓት ፀሐዩ ቤት ሲያስቀምጣችሁ አንዱ በሰውነቱ ያሳይ ሌላው ግሱን ይጥራ፣ ታናናሾቻችሁን አስገቡ፣ እነሱ «ስታገር»ን ሲጫወቱት ማንም አይረሳውም። ወይ ከጓደኛ ጋር ቴሌግራም ላይ ቮይስ ተላላኩ፣ አንድ ደቂቃ፣ ዛሬ መንገድ ላይ ያያችሁትን ሰው አካሄዱን አተያዩን አነጋገሩን አውሩ፣ «ዎክ» «ሉክ» «ሴይ» ማለት ክልክል ነው። ሶስቱ ሲለመዱ «ኢት»ንና «ሆልድ»ን ጨምሩና ክልከላውን አስፉት።