እየፆሙ ስኳርን መቆጣጠር፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የስኳር ሕመምተኛ ሲፆም የሚጎዳው ብዙውን ጊዜ በረሃቡ አይደለም። የሚጎዳው ጠዋት በዋጠው ኪኒን ወይም በተወጋው ኢንሱሊን፣ ፆሙን ሲፈታ ደግሞ በሚቀርብለት ማዕድ ነው። እስከ 9 ሰዓት የሚፆም ምእመንም ሆነ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት እራቱን በልቶ እስከ ማግስቱ 6 ሰዓት ምግብ የማይቀምስ ሰው የሚሳሳቱት በተመሳሳይ ቦታ ነው።

መድኃኒትን እንደ ወትሮው መውሰድ

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። ሜትፎርሚን የሚባለው የስኳር ኪኒን ብቻውን ሲወሰድ ስኳርን ከልክ በታች የማውረድ ዕድሉ አነስተኛ ነው፤ ሰዓቱን ወደ ምግብ ሰዓት ማዛወር አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ግሊቤንክላማይድ የሚባለው ኪኒን ግን ሌላ ነው። ምግብ መጣም አልመጣም ቆሽት ኢንሱሊን እንዲያመነጭ ይገፋል፤ ኩላሊቱ በደከመ ሰው ላይ ደግሞ ከሰውነት ቶሎ አይወጣም። ጠዋት ተውጦ ቁርስ ካልተከተለው ቀትር ሳይደርስ ስኳር ሊወርድ ይችላል።

ደመናማው ኢንሱሊን፣ ኤንፒኤች የሚባለው፣ ከተወጉት ከ4 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ጉልበቱ ይበረታል። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ የተወጋ ሰው ከረፋዱ 5 ሰዓት ጀምሮ እስከ አመሻሹ 11 ሰዓት ድረስ በዚህ ጉልበት ሥር ነው፤ አብዛኛው የ9 ሰዓት ፆመኛ ሆዱ ባዶ የሆነበት ጊዜ መሆኑ ነው። በዚያ ላይ ለብዙ ሰው ከቀኑ መጠን ትልቁ የሚሰጠው ጠዋት ነው።

መፍትሔው በራስ ፈቃድ መቀነስ ወይም ማቋረጥ አይደለም። ኢንሱሊን ያቋረጠ የዓይነት 1 ሕመምተኛ ደሙ በአሲድ ተመርዞ ሊሞት ይችላል። ከዐቢይ ፆም ወይም ከረመዳን 6 ሳምንት ያህል ቀደም ብለው ሐኪምዎ ዘንድ ይሂዱና ስለ እያንዳንዱ መድኃኒት ይጠይቁ፦ በስንት ሰዓት? በምን መጠን? የሚለወጥ አለ?

70 እያዩ «ትንሽ ነው የቀረኝ» ማለት

መለኪያው ከ70 (ሚሊግራም በዴሲሊትር) በታች ካሳየ ፆሙ እዚያው ይፈታል። ሰዓቱ 8 ተኩል ቢሆንም እንኳ። (መለኪያዎ በሚሊሞል የሚያነብ ከሆነ 3.9 ማለት ነው።) 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠው ይጠጡ፤ 15 ደቂቃ ቆይተው ይለኩ፤ ከ70 በላይ ካልወጣ ይድገሙት። ከወጣ በኋላ ምግብ ይብሉ። እንጀራ በወጥ ወይም ቸኮሌት መጀመሪያ ማንሳት ስህተት ነው፣ ስቡና አሰሩ (ፋይበሩ) ስኳሩ ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ያዘገየዋል። ራሱን ለሳተ ሰው አፉ ውስጥ ምንም አይጨምሩ፤ ወደ ሕክምና ይውሰዱት።

ለደም ግፊት ወይም ለልብ አቴኖሎል አልያም ፕሮፕራኖሎል የሚወስድ ሰው የእጅ መንቀጥቀጡና የልብ ምቱ ላይሰማው ይችላል። የሚቀረው ምልክት ላቡ ነው። ሳይሠሩ ካላበዎት ይለኩ።

ከ300 በላይ ማሳየትም ፆምን ያስፈታል። ጣት ወግቶ መለካት ደግሞ ፆም አያፈርስም፤ ብዙ የእስልምና ሊቃውንት የሚስማሙበት ነው።

«ጤፍ ነው፣ ስኳር የለውም»

የጤፍ ብረትና አሰር የሚመሰገን ነው፤ እንጀራው ግን ሆድ ውስጥ ወደ ስኳር የሚለወጥ ካርቦሃይድሬት ነው። 100 ግራም እንጀራ ውስጥ 30 ግራም ገደማ አለ። 300 ግራም የሚመዝን አንድ ትልቅ እንጀራ ወደ 90 ግራም ይደርሳል ማለት ነው። ካርቦሃይድሬት መቀነስ የሚባለው በአብዛኛው በቀን ከ130 ግራም በታች መብላት ስለሆነ፣ ያ አንዱ እንጀራ ብቻውን ከድርሻው ሁለት ሦስተኛውን ይወስዳል። «ሁለት ጥቅል ነው የበላሁ» ማለት ምንም አይነግርም፤ የወጥ ቤት ሚዛን ላይ አንድ ጊዜ አስቀምጠው ይዩት። ከዚያ በኋላ ዓይንዎ ይለምደዋል። እንጀራውን በግማሽ ወይም በሩብ ቆርጦ፣ የቀረውን ቦታ በጎመንና በምስር መሙላት ይሻላል።

ፆሙን በጣፋጭ መፍታት

15 ሰዓት ባዶ የቆየ ሆድ በበሶና በስኳር፣ በማር ወይም በጭማቂ ሲከፈት ስኳር ቶሎ ይወጣል። ማርም ስኳር ነው፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ 17 ግራም ያህል ስኳር ይይዛል። ትልቅ ተምር አንዱ ብቻ ከ15 ግራም በላይ ነው፤ በ1 መወሰን ነው፣ ሦስትና አራት ማከል አይገባም። ውኃ፣ ቀጥሎ ሰላጣና ጎመን፣ ከዚያ ሽሮ ወይም ምስር፣ እንጀራው በመጨረሻ። ያው ምግብ በዚህ ቅደም ተከተል ሲበላ ስኳሩ የሚወጣበት ከፍታ ይቀንሳል።

«የፆም» የተባለ ሁሉ ቀላል አይደለም

ፓስታ በቲማቲም፣ ዳቦ በማርማላት፣ ድንች ወጥ፣ ሩዝ... ሁሉም የፆም ናቸው፣ ሁሉም ስኳር ያወጣሉ። ገብስ ቆሎ እንኳ ጭብጥ ጭብጥ ሲቆረጠም ይደማመራል። ካርቦሃይድሬቱ በተቀነሰ የፆም ማዕድ ላይ ጎመን፣ ፎሶልያ፣ እንጉዳይ፣ አቮካዶ (ጭማቂው ሳይሆን ፍሬው)፣ ተልባ፣ ለውዝና ሱፍ ይበዛሉ። ባቄላና ምስር ካርቦሃይድሬት ቢኖራቸውም በፕሮቲንና በአሰር የታጀበ ስለሆነ ቀስ ብሎ ይገባል። የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ግን ለውዝና ጥራጥሬ ከማብዛቱ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ።

የጠዋቱን ቁጥር ብቻ ማየት

ሌሊት ጉበት ስኳር ወደ ደም ይለቃል፤ ስለዚህ ምንም ሳይበሉ አድረው 140 ሊያነብ ይችላል። ፆሙ አልሠራም ማለት አይደለም። ሦስት ልኬት ያስፈልጋል፦ ከእንቅልፍ ሲነሱ፣ ፆም ሊፈቱ ሲሉ፣ መብላት ከጀመሩ 2 ሰዓት ሲሞላ። ለአብዛኛው አዋቂ ከምግብ በፊት ከ80 እስከ 130፣ ከምግብ በኋላ ከ180 በታች መሆኑ ይፈለጋል። የሦስተኛው ቁጥር ከፍ ማለት የሚናገረው ስለ ሳህኑ ነው፤ የሁለተኛው ዝቅ ማለት ስለ መድኃኒቱ።

ዳፓግሊፍሎዚን ወይም ኢምፓግሊፍሎዚን እየወሰዱ ካርቦሃይድሬትን ድንገት ማቋረጥ

እነዚህ ኪኒኖች ስኳርን በሽንት ያስወጣሉ። በዚያ ላይ ረጅም ፆምና በጣም አነስተኛ ካርቦሃይድሬት ሲጨመር ሰውነት ስብን ያለ ልክ ያቃጥልና ደም አሲድ ይሆናል። አሳሳቹ ነገር መለኪያው 180 ወይም ከዚያ ያነሰ ብቻ ሊያሳይ መቻሉ ነው። ማስታወክ፣ የሆድ ሕመም፣ ያለ ድካም ቶሎ ቶሎ መተንፈስ ከመጣ ቁጥሩ ደህና ነው ብለው አይጠብቁ። ድንገተኛ ክፍል ሲደርሱ የኪኒኑን ስም ይንገሩ፣ የኪቶን (ስብ ሲቃጠል የሚፈጠረው አሲድ) ምርመራም እንዲሠራልዎት ይጠይቁ።