ገደል ላይ ያለ እሬት እንዴት ይቆጠራል?

ከደጀን ወደ አባይ በረሃ ስትወርዱ ገደሉ ላይ እሬት ታያላችሁ። "እየጠፋ ነው" ሲባልም ትሰማላችሁ። ግን ስንት ቀረ? ይህን ለማወቅ መቁጠር ያስፈልጋል።

መጀመሪያ ዝርያውን ለዩ። ኢትዮጵያ ከ40 በላይ የእሬት ዝርያዎች አሏት፤ ብዙዎቹ ሌላ አገር አይገኙም። በቅጠል ብቻ አትፍረዱ፤ አንዱ እሬት ራሱ በበጋ ይቀላል፣ በክረምት ይለመልማል። አበባውን ጠብቁ። አበባውን፣ የቅጠሉን ጠርዝና ሙሉውን ተክል ፎቶ አንሱና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለውን ብሔራዊ ሄርባሪየም (የደረቁ ዕፅዋት ናሙና የሚቀመጥበትን ተቋም) ጠይቁ። እባካችሁ አትንቀሉ።

ከባዱ ቆጠራው ነው። ብዙ እሬት ከሥሩ ግልገል ያወጣል፤ አንድ ቦታ ተጠጋግተው ብዙ ራሶች (ክብ የቅጠል ስብስቦች) ይበቅላሉ። አንድ ነው የሚባለው ወይስ ብዙ? የመጥፋት አደጋ ያለባቸውን ዝርያዎች የሚዘረዝረውን ቀይ መዝገብ የሚያዘጋጀው የዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት መልስ አለው። ለመራባት የደረሰና ቢነጠል ብቻውን መኖር የሚችል ራስ ለብቻው ይቆጠራል። ገደል ላይ ግን ሥሩን ማየት አይቻልም። ስለዚህ ሁለቱንም መዝግቡ፤ ስንት ስብስብ እንዳለ፣ ስንት ራስ እንዳበበ። አበባው ካለፈ የደረቀውን የአበባ ዘንግ ፈልጉ፤ ተክሉ ለአካለ መጠን መድረሱን እሱ ይነግራችኋል። ችግኞቹን ከድምሩ አታስገቡ፤ ለብቻ ጻፏቸው። ያረጁ ብቻ ቆመው ችግኝ ከሌለ፣ ቁጥሩ ቢበዛም በጣም ያሳስባል።

ገደል ላይ አትውጡ። ከማዶ ሆኖ አቅርቦ በሚያሳይ መነጽር መቁጠር ከገመድ በብዙ ይሻላል።

ቦታውን በስልካችሁ ጂፒኤስ ያዙ። እርሻ ወይም ድንጋይ ፈለጣ ተጠግቶት ከሆነም ጻፉ። ባለሙያዎች ካርታውን 2 ኪሎ ሜትር በ2 ኪሎ ሜትር ከፋፍለው ተክሉ ያለባቸውን በመደመር ምን ያህል ቦታ እንደያዘ ያሰላሉ።

አሁን ቁጥሩን አመዛዝኑ። በቀይ መዝገቡ መለኪያ በጠቅላላ ለአካለ መጠን የደረሱት ከ50 ካነሱ ዝርያው በእጅጉ ለመጥፋት የተቃረበ ነው፤ ከ250 ካነሱ ለመጥፋት የተቃረበ፣ ከ1,000 ካነሱ ደግሞ ለአደጋ የተጋለጠ ይባላል። ይህ ግን የዝርያው ሁሉ ቁጥር ነው። የአንድ ገደል ቆጠራ ይዛችሁ "ሊጠፋ ነው" አትበሉ፤ ማዶ ሸዋ ላይም ሊኖር ይችላል።

ትክክለኛውን ቦታ ፌስቡክ ላይ አትለጥፉ። ብርቅ እሬት ገዢ አለው። የዱር እሬት ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትም የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ የሳይተስ ስምምነት የተከለከለ ነው። መረጃውን ለሄርባሪየሙ ብቻ ስጡ።